ጊዜውን አጥርቶ የሚናገር መዝገብ

የዳታቤዝ ሰርቨር እንደ ትጉህ ጸሐፊ ነው። መቼ ሥራ እንደ ጀመረ፤ መቼ እንደ ቆመ፤ ምን ስሕተት እንደ ገጠመው ሎግ በሚባለው መዝገብ ከነሰዓቱ ያሰፍራል። ነገር ግን ሰዓቱ በግልጽ ካልተጻፈ የመዝገቡ ጥቅም ያንሳል።

ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ቀድሞ በስሕተት መዝገቡ ላይ ቀኑን በ6 አኃዝ ብቻ ይጽፍ ነበር። «030405» የሚለውን ያየ ሰው ኤፕሪል 5 ቀን 2003 ይሁን ወይስ ኤፕሪል 3 ቀን 2005 በምን ይለያል? የየት አገር ሰዓት እንደ ሆነም ጽሑፉ አይናገርም። ኋላ ግን ዓመቱን በ4 አኃዝ መጻፍ ጀመረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የወጣው 5.7 የተባለው እትም ደግሞ «ዜድ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ከሰዓቱ በኋላ አኖረ። ትርጓሜዋም «ይህ የዓለም የጋራ ሰዓት ነው» ማለት ነው።

ይህች ፊደል ለእኛ እጅግ ትጠቅማለች። መዝገቡ «06:00» ብሎ ዜድን ቢያስከትል፤ ለአዲስ አበባ 3 ሰዓት ይጨመርበትና በአውሮፓውያን አቆጣጠር 9፤ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ይህን ያላስተዋለ ሠራተኛ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ነው ብሎ፤ ጥፋቱ ሲደርስ በሥራ ላይ ያልነበረውን ባልደረባውን ሊወቅስ ይችላል። እንግዲህ ሰዓትን አጥርቶ መጻፍ የሰውን ስም መጠበቅም ነው።