ስለ ባርኮድ ቍጥር፤ በይፋት ቆላ ለሚሠራ አነስተኛ ነጋዴ ስንት እንደሚበቃው

በይፋት ቆላ፥ ይልቁንም በሸዋ ሮቢትና በቀወት ወረዳ፥ ሽንኩርትና ማሾ፥ ጤፍና ማሽላ ይመረታል። ይህ ምርት በጆንያ ተሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን፥ ወይም እሑድ በሰንበቴ ገበያ ሲሸጥ፥ ባርኮድ የሚባለው የጥቁርና የነጭ ሰረዝ ምልክት አያስፈልገውም። ነገር ግን ምርቱን አበጥሮ ወይም አስፈጭቶ፥ አሽጎም በትላልቅ መደብሮች ለማስቀመጥ የሚወድ ሰው ሲነሣ፥ አስቀድሞ ከሚጠየቀው ነገር አንዱ ይህ ቍጥር ነው። የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ስለዚህ ምክር ስለሚጠየቁ አቈጣጠሩን ማወቅ ይገባቸዋል፤ ከሚያሻው በላይ የወሰደ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ይከፍላልና፥ ያሳነሰም ሰው ሁለት ሸቀጥ በአንድ ቍጥር ልኮ ዕቃው ከመደብር ደጅ ይመለስበታልና።

ምልክቱ በመደብር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ ትሮይ በምትባል ከተማ፥ ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ የተነበበበትም ዕቃ ማስቲካ ነበረ። ዛሬ ሥርዐቱን የሚጠብቀው ዋና ጽሕፈት ቤቱ በብሩክሴል የሆነ ጂ ኤስ ዋን የተባለ ማኅበር ነው። በብዙ ሸቀጥ ላይ የሚታየው ቍጥር 13 አኃዝ አለው። መነሻው የባለ ሸቀጡ መለያ ነው፤ የሚከተለው የሸቀጡ መለያ ነው፤ የመጨረሻው አንድ አኃዝ ግን የቀሩት በትክክል መነበባቸው የሚመረመርበት ነው። ለሸቀጥ አንድ አኃዝ ብቻ የተረፈለት ሰው 10 ዐይነት፥ ሁለት የተረፈለት 100፥ ሦስት የተረፈለት 1000 ዐይነት ሊሰይም ይችላል፤ ክፍያውም በብዙ አገር እንደዚሁ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። የመነሻው አኃዝ ሸቀጡ የተሠራበትን አገር ያሳያል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ስሕተት ነው። የሚያሳየው ቍጥሩን የሰጠውን ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ግን ሌላ ነው። ቍጥር የሚሰጠው ለእያንዳንዱ እሽግ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዐይነት ነው። አንድ ሺህ እሽግ በርበሬ፥ ሁሉም ባለ 500 ግራም ቢሆን፥ አንድ ቍጥር ይበቃዋል። ያው በርበሬ በ250 ግራም ደግሞ የታሸገ እንደ ሆነ ሁለተኛ ቍጥር ይሻል፤ ዋጋው ሌላ ነውና።

እንግዲህ አንድ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ ማሾ በ500 ግራም፥ በ1 ኪሎና በ5 ኪሎ፤ በርበሬና ሚጥሚጣ እያንዳንዳቸውን በ250ና በ500 ግራም፤ ነጭ ሽሮና ምጥን ሽሮ እያንዳንዳቸውን በ500 ግራምና በ1 ኪሎ ቢያሽግ፥ ማሾው 3፥ በርበሬና ሚጥሚጣው 4፥ ሽሮው 4፥ በጠቅላላው 11 ይሆናል። ዐሥር ቍጥር ለመውሰድ ያሰበ ሰው በአንድ ይጐድልበታል ማለት ነው። ስለ አንድ ሸቀጥ ብሎ የመቶውን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ዝርዝሩን እንደ ገና ይመርምር። የ5 ኪሎው ማሾ ለምግብ ቤቶች በእጅ የሚሰጥ፥ በመደብር ሒሳብ መቀበያ የማያልፍ ከሆነ ቍጥር አያሻውም፤ የቀረውም 10 ይሆናል። በሚመጣው ዓመት የደረቀ ሽንኩርት ሊጨምር ካሰበ ግን ባዶ ቦታ የለውም፤ እንዲህ ያለው ሰው መቶውን ዛሬውኑ ቢወስድ ይሻለዋል።

እርጥብ ሽንኩርት በመደብር እየተመዘነ የሚሸጥ እንደ ሆነ መደብሩ ራሱ ከ20 እስከ 29 ባለው መነሻ የውስጥ ቍጥር ያትምለታል፤ ገበሬው የሚከፍለው የለም። 12 እሽግ የያዘ ካርቶንም፥ በችርቻሮ ካልተሸጠ፥ ከ10ሩ አንዱን አይወስድም፤ የእሽጉ ቍጥር ከፊቱ ከ1 እስከ 8 አንድ አኃዝ ተጨምሮበት፥ የመመርመሪያውም አኃዝ እንደ ገና ተሰልቶ 14 አኃዝ ይሆናል።

ዋጋ በመለወጡ ወይም አዲስ መከር በመግባቱ ቍጥር አይለወጥም። በእሽጉ ላይ የተጻፈው ክብደት ከ500 ወደ 400 ግራም የወረደ እንደ ሆነ ግን አዲስ ቍጥር ግድ ነው። የተተወ ሸቀጥ ቍጥርም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በማኅበሩ ሕግ ለሌላ አይሰጥም፤ ስለዚህ 10 የወሰደ ሰው ሚጥሚጣውን ቢተው እንኳ ሁለቱ ቍጥሮች አይመለሱለትም።

በርካሽ ቍጥር የሚቸረችሩ ሰዎች አሉ። ቍጥሩ በመሣሪያ ይነበባል፤ መዝገቡ ሲመረመር ግን የሚገኘው የሌላ ሰው ስም ነው፤ ይህን የሚመረምሩ መደብሮችም ዕቃውን አይቀበሉም። መለያ ወረቀቱ በብዛት ከመታተሙ በፊት አንዱ ታትሞ፥ በእሽጉ ላይ ተለጥፎ፥ ዕቃውን በሚቀበለው መደብር መሣሪያ ይነበብ፤ በእሽጉ እጥፋት ላይ የወደቀ ወይም በቀይ ቀለም የታተመ ሰረዝ አይነበብምና።