ማረሻውን የሠራውስ?

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ የሥራ ቀኑን የሚቆጥረው በታቦት ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ28 ደግሞ የማቻከሏ አማኑኤል ከተማ ስሙን የምትጋራው በዓል ይከበራል። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩ በሬ የማይጠመድበት ቀን ይበዛል። ቅዳሜን እንደ እሑድ ማክበር የጸናው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው።

ይህን ያየ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሥራን አቅልላ የምታይ ይመስለው ይሆናል። ሰንበትን አክብር የሚለው ትእዛዝ ግን ስድስቱን ቀን ሥራበትም የሚል ነው።

ሥራ አገልግሎት መሆኑን ለማየት ወደ ገዳም መሄድ ይበቃል። ምሥራቅ ጎጃም በቢቸና አካባቢ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም የታወቀ የሊቃውንት አገር ነው። ቢሆንም ለመመንኮስ ገዳም የገባ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት አመክሮ አለበት፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እህል ይፈጫል፣ ያርሳል። ሥርዓቱ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የመነኮሳትን ማኅበር ካቋቋመው ከአባ ጳኩሚስ ይወርዳል። የአባ እንጦንስም ታሪክ ይታወቃል፦ በረሃ ውስጥ ተክዞ ሳለ አንድ መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ሲታታ አየ። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ኖሯል። ጌታ ራሱ በናዝሬት ሰዎች ዘንድ ጸራቢ ተብሎ ይጠራ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን ለምን አራቀ? ማረሻው ሲዶለዱም የሚስለው ቀጥቃጩ ነው። የማኅበሩ ጠላ የሚጠመቀው ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ጋን ነው። ካህኑ የሚባርክበትን መስቀል የሠራ የአንጥረኛ እጅ ነው። ይህም ሆኖ ባለ እጁ «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻ ተገልሎ፣ ልጁም ስሙን እየደበቀ አድጓል። በአንድ ደብር የተጠመቁ ሰዎች በአንድ ማዕድ መቀመጥ አልቻሉም። ይህ ነውር ነው፤ ለስላሳ ስም አያስፈልገውም።

ዳግማዊ ምኒልክ ነገሩን በሕግ ገጥመውታል። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከለከሉ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ሁሉ ሲሰደብ ሠራተኛ እንደሚጠፋና አገር ባዶ እንደሚቀር ገለጹ፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱንም አስታወሱ። ክርክሩ ግማሹ የአገር ልማት፣ ግማሹ የሃይማኖት ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከገጠሩም ከከተማውም ጨርሶ አልጠፋም።

አዋጅ ከማይገባበት ቤት የንስሐ አባት ይገባል። ጾም መሻርንና በሰንበት መሥራትን አጥብቆ የሚጠይቅ ካህን፣ ጎረቤቱን በሙያው ቡዳ ብሎ የሰደበውንም በዚያው አንደበት ቢጠይቅና ንስሐ ቢሰጠው፣ ሰንበቴው ሸክላ ሠሪዋን በአባልነት ቢቀበልና ተራዋ ሲደርስም ጽዋዋን ቢጠጣ፣ ለዚህ አዲስ ቀኖና መጻፍ አያስፈልግም።