ውል ከመፈረሟ በፊት ሊነገራት የሚገባው

ባለፈው ዓመት በለንደን ከተማ የታመመ ወዳጄን ለመጠየቅ ወደ አንድ ሆስፒታል በገባሁ ጊዜ፣ በጎንደር ለብዙ ዘመን ሕሙማንን በነርስነት ስታገለግል የኖረች አንዲት የአገራችን ሴት የረዳት ሠራተኛ ልብስ ለብሳ ብትቀበለኝ፣ ነገሩ ከልቡናዬ አልጠፋ ብሎ ወደዚህ ምርመራ መራኝ።

«ጋሼ፣ ያሳዘነኝ ሥራው አይደለም» አለችኝ። «በሽተኛ ማጠብ ጽድቅ ነው። ግን በአገሬ ማጠቡና ማጉረሱ የአስታማሚው ነበር፤ እኔ መድኃኒት እሰጥ፣ ግሉኮስ እሰካ ነበር። እዚህ መርፌውን እንዳልነካ ተከልክዬ ማንኪያ ያዝሁ። ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ልቤን አሰናድቼ እመጣ ነበር።»

ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም። ከውጭ የመጣች ነርስ በብሪታንያ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት መዝገብ ላይ እስክትሰፍር ድረስ በነርስ ስም መሥራት አይፈቀድላትም፤ ለመስፈርም በኮምፒዩተር ከሚሰጠው ፈተና በኋላ፣ እዚያው ብሪታንያ ውስጥ በ10 ጣቢያዎች የሚካሄደውን ኦስኪ የተባለ የተግባር ፈተና ማለፍ አለባት።

የነገሩ ሥር ግን የቆየ ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጁላይ 5 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ የሰው እጥረት ባስጨነቀው ጊዜ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች ከተጠሩት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ፣ ሙሉ ማዕረግ በሚያሰጠው የ3 ዓመት ትምህርት ፈንታ ዝቅ ወዳለው የ2 ዓመት ትምህርት ተመሩ፤ የዚህም ምስክር ወረቀት በትውልድ አገራቸው ዋጋ እንደሌለው ያወቁት ዘግይተው ነበር። ከዚያም በፊት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፣ ከአባታቸው ጋራ በስደት ሳሉ፣ በለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ነርስ ሆነዋል፤ በ1942 እ.ኤ.አ. በለቀምት ካረፉም በኋላ በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ቆሞላቸዋል። የንጉሥ ልጅ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ማገልገልን ክብር ካደረጉት፣ እኅታችንን ያሳዘናት የአገልግሎቱ ትሕትና ሳይሆን የእውነቱ መሸሸግ እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጤና ሠራተኞች ቅጥር በ2010 እ.ኤ.አ. ደንብ አውጥቷል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የሠራተኛ እጥረት ክፉኛ ያጠቃቸው ብሎ የዘረዘራቸው 55 አገሮችም ኢትዮጵያን ይጨምራሉ። ዓላማው ቅዱስ ነው፤ ነገር ግን ይህን ዝርዝር በመከተል ቀጣሪ በአገሯ ተገኝቶ እንዳይመለምላት ሲከለከል፣ በራሷ ፈቃድ የምትሄደው ነርስ ያለ መካሪ ትቀራለች።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዷ ተስፋ ቆርጣ ሙያዋን ትተዋለች፣ ሕመምተኛውም የሠለጠነ እጅ ያጣል። ስለዚህ የቀጣሪው ግዴታ የአውሮፕላን ቲኬት ከመላክ ይቀድማል፦ እስክትመዘገብ ድረስ የምትሠራውን፣ ደመወዟንና የቤት ኪራዩን፣ ፈተናውን ብትወድቅ ወይም ሥራውን ብትለቅ የሚደርስባትን ሁሉ በግልጽ ጽፎ ይስጣት፤ አንብባም እሺ ወይም እምቢ የማለት ሥልጣኑ የእርስዋ ይሁን።