አንድ ሲኒ ዱቄት ስንት ነው?

የኬክ አሠራር ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም «ካፕ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «ሲኒ» ይባላል። የመጀመሪያ ኬኬን ያበላሸብኝ ይኸው ትርጉም ነው። ሁለት ሲኒ ዱቄት ሲል ቡና በምጠጣበት ሲኒ ሁለቴ ሰፈርኩ፤ ስኳሩንም እንዲሁ። ሁሉም በዚያው ሲኒ ተሰፍሮ ቢሆን ኖሮ ኬኩ ያንሳል እንጂ አይበላሽም ነበር። እንቁላሉ ግን በቁጥር ስለነበር ሦስቱንም ጨመርኩ። ከምድጃው የወጣው ነገር ወደ እንቁላል ጥብስ ያደላ ነበር።

ያ «ካፕ» ዕቃ ሳይሆን ልኬት ነው፤ የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200 ነው። የሾርባ ማንኪያም ቢሆን በብዙ አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን አውስትራሊያ ውስጥ 20 ይሆናል። አሜሪካኖቹን ስፍራቸውን በቢላ ጀርባ ልክ አድርገው እንዲጠርጉ ያስለመደቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የቦስተን ማብሰያ ትምህርት ቤትን የምግብ መጽሐፍ ያሳተመችው ፋኒ ፋርመር ናት።

ስፍር ግን ቦታን እንጂ ክብደትን አይነግርም። አንድ የአሜሪካ ካፕ ውሃ 237 ግራም ነው፤ ስኳር 200፣ ቅቤ 227፣ ማር 340 ገደማ። ዱቄት ነው አስቸጋሪው። በማንኪያ ቀስ ተብሎ ከተሞላ 120 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ ካፑ ራሱ ዱቄቱ ውስጥ ተነክሮ ከታጨቀ 150 ሊደርስ ይችላል። በዱቄቱ መካከል ያለው አየር ነው ልዩነቱ። ይህን ለገበያ ሴቶች ማስረዳት አያስፈልግም፤ እህል በጣሳ ሲገዙ «ነቅነቅ አድርጊው እንጂ» የሚሉት ለምን ሆነና? ጨውም ያው ነው፦ ደቃቁ ማንኪያው ላይ ይጠጋጋል፣ አሞሌ ተሰባብሮ የወጣው ግን ብዙ ክፍተት ስላለው በዚያው ማንኪያ ያንሳል።

ወጥ ላይ ይህ ሁሉ ግድ አይሰጥም፤ ቀምሶ ማስተካከል ይቻላል። ዳቦና ኬክ ግን ምድጃ ከገባ በኋላ አይታረምም።

ጠጅ የሚጥልም እዚሁ ይሳሳታል። ከቤት ቤት ቢለያይም የተለመደው ልክ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው፤ በአንድ ዕቃ እስከተሰፈረ ድረስ እንከን የለውም። ዛሬ ግን ማሩን በኪሎ እንገዛለን፣ ውሃውን በሊትር እንለካለን። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎው 0.7 ሊትር ብቻ ነው። ለአንድ ኪሎ ማር ሦስት ሊትር ውሃ ያደረገ ሰው አንድ ለአራት በልጦ ቀጥኖበታል፤ የሚበቃው 2 ሊትር ከጥቂት ነበር። ዘይት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ውስጥ ያለው 4.6 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ፣ ሚዛን ላይ አውጥቶ «ጎድሏል» ብሎ ከባለሱቁ ጋር የሚጣላ ሰው ባለሱቁን በድሏል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ማባዣ የለም፤ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ቁጥር አለው። እኔ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ በዱቄቱ ዕቃ ክዳን ላይ የራሴን ቁጥር ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ሰፍሬ፣ ሦስት ጊዜ መዝኜ፣ መካከለኛውን ወስጄ። የዕቃውን መጠን ለማወቅም ውሃ ይበቃል። ባዶውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መመለስ፣ ከዚያ እስከ አፉ በውሃ መሙላት፤ አንድ ግራም ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ የሚነበበው ቁጥር የዕቃው ልክ ነው።

የቡና ሲኒዬ 70 ሆነች። ያኔ ሁለት ካፕ ዱቄት ያልኩት ለካ ግማሽ ካፕ ከትንሽ ነበር።