በሶና ጭኮ፤ ሳይጋገር የሚዘጋጅ የቤተሰብ መክሰስ

ይህ ጽሑፍ በገብስ አብቃይ ወረዳዎች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። በየቤቱ የሚገኘውን በሶ ተማሪው በቦርሳው፣ እረኛውም በኪሱ ሊይዘው በሚችል ቁራሽ መልክ ማዘጋጀት እንዴት እንደሚቻል ያስረዳል።

በከተማ ሱቆች ከአጃ፣ ከማርና ከለውዝ ተጠፍጥፎ የሚሠራ፣ «ግራኖላ» የሚባል የውጭ አገር መክሰስ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የበሰለ እህል በስብ ወይም በማር አጣብቆ ለመንገድ መያዝ ከሆነ ነገሩ፣ በሶ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴና የዘማች ስንቅ ሆኖ ኖሯል፤ በአርሲ፣ በባሌና በሸዋም ጭኮ የሠርግ፣ የአራስ ጥሪና የእንግዳ ክብር ምግብ ነው። የጎደለው መጠኑን በልክ ማወቅ፣ ጥራቱን መጠበቅና ለልጆች በሚስማማ መልክ መቁረጥ ብቻ ነው።

ለምን ሳይጋገር ይበላል

ጥሬ የገብስ ዱቄት በቅቤ ቢታሽ ጭኮ አይሆንም፤ ሆድ ይነፋል፣ ቶሎም ይበላሻል። በሶ ግን ከመፈጨቱ በፊት በምጣድ ላይ የበሰለ እህል ነው። በደንብ ደርቆ በጎተራ የተቀመጠ ገብስ ከመቶ 12 ወይም 13 እጅ ያህል ውሃ ይኖረዋል። ሲቆላ ከዚህ ውሃ አብዛኛው ይወጣል፤ ስታርቹ በከፊል ይበስላል፤ የእህሉን ስብ እየበሉ ዱቄቱ እንዲመር የሚያደርጉት ኢንዛይሞችም በሙቀቱ ኃይላቸውን ያጣሉ። የበሶ መዓዛ የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ጭኮ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ምክንያት ብዙ ሰው ለቅቤው ይሰጠዋል። ትክክለኛው ምክንያት ውሃ አለመኖሩ ነው። ሻጋታም ሆነ ሌላ ተሐዋስያን ያለ ውሃ አይራባም። በሶው ደረቅ፣ ቅቤው የነጠረ፣ እጁና ዕቃው የደረቀ ከሆነ ጭኮ ለወራት ይቀመጣል። በውሃ የተለወሰ በሶ ግን በዚያው ቀን መበላት አለበት። የልማት ሠራተኛው ለእናቶች ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አንድ ነጥብ አስረድቶ ቢመለስ ይበቃዋል።

ገብሱን መምረጥ

ገብስ ከገለባ ሽፋኑ ጋር የሚወቃ እህል ነው። ሽፋኑ ከክብደቱ ከመቶ ከ10 እስከ 13 እጅ ይሆናል፤ በሶ ውስጥ ከቀረ ጉሮሮ ይቧጭራል፣ ልጅም ይተፋዋል። ስለዚህ ሽፋኑ በቀላሉ የሚለቅ ዓይነት ይመረጣል። በሸዋ ደጋ «ሰነፍ ቆሎ» የሚባለው የአገር ገብስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከሆለታ በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው ኤች ቢ 1307 በምርት ይበልጠዋል፤ በሶም ይሆናል፤ ነገር ግን ሽፋኑ ያለ ብዙ ድካም አይለቅም። እንደ አዝርዕት ባለሙያ ገበሬው የተሻሻለ ዘር እንዲዘራ መምከር ሥራዬ ነው። ቢሆንም ለበሶና ለቆሎ የሚሆን አንድ ጥማድ የአገር ገብስ ከማሳው ጥግ ቢቀር አልቃወምም፤ እንዲያውም ደግ አደረገ እላለሁ።

ከመቆላቱ በፊት እህሉ በብርሃን ቦታ በጥንቃቄ መለቀም አለበት። በተለይ እንክርዳድ አንድም እንዳይቀር። እንክርዳድ የበላ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፤ መቁላትም መርዙን አያጠፋውም። የሻገተና የነቀዘ ፍሬም ይወገዳል። ከሁሉ የከፋው ግን በመድኃኒት የታሸ ዘር ነው። ከዘር ወቅት የተረፈ፣ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ገብስ ቢታጠብም ቢቆላም ለምግብ አይሆንም፤ ለዶሮም አይሰጥም። በክረምት፣ ጎተራ ሲጎድል፣ ይህ ፈተና እንደሚመጣ የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

በሶውን ማዘጋጀት

የተለቀመው ገብስ ጥቂት ውሃ ይረጭበትና ለብ ባለ ምጣድ ላይ ይታመሳል። ከዚያ በሙቀጫ ይሸከሸካል። እዚህ ላይ ዘነዘናው በኃይል አይወርድም፤ ሽፋኑን መፋቅ እንጂ ፍሬውን መስበር አያስፈልግም። በሰፌድ ይበጠርና በፀሐይ ይደርቃል። ቀጥሎ በመካከለኛ እሳት ያለ ማቋረጥ እየተማሰለ ለሁለተኛ ጊዜ ይቆላል። የመብሰሉ ምልክት ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀላ ያለ ቡናማ መልክ መያዙና በጥርስ ሲሰበር ውስጡ ድረስ መንኮሻኮሹ ነው። ከላይ ጠቁሮ ከውስጥ ነጭ ከሆነ እሳቱ በዝቷል፤ እንዲህ ያለው በሶ ይመርራል፣ አይቆይምም።

የተቆላው ገብስ ተዘርግቶ ፈጽሞ ሳይበርድ ወደ ወፍጮ አይወሰድም። ትኩሱ በከረጢት ከታሰረ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይመለስና የደከሙበትን ማድረቅ ያበላሻል። በወፍጮ ቤትም ከበሶው በፊት በርበሬ ወይም ጤፍ ተፈጭቶ እንደሆነ ማስጠረግ ይበጃል። ዱቄቱ በወንፊት ይነፋል።

የገብስ ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ግን በዚህ የታደለ ነው። ስለዚህ ለልጆች መክሰስ በ4 እጅ የገብስ በሶ ላይ 1 እጅ በደንብ የተቆላና የተከካ የሽምብራ ወይም የአተር ዱቄት ቢጨመር ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ ጣዕሙም ብዙ አይለወጥም። ጓያ ግን አይጨመርም። ረክሶ ቢገኝም አይጨመርም። ጓያ በብዛት ለወራት ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጉዳቱም አይመለስም።

የጭኮ ቁራሽ

ለ1 ኪሎ በሶ ግማሽ ኪሎ ያህል ንጥር ቅቤ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ያስፈልጋል። ሚጥሚጣ ለአዋቂ በሚዘጋጀው ላይ ብቻ ይጨመራል።

ለጋ ቅቤ ከመቶ 15 እጅ ያህል ውሃ አለው፤ ማንጠር ማለት ይህን ውሃ ማባረር ነው። ቅቤው ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር በዝግታ እሳት ሲፈላ አረፋ ያወጣል፣ ይንጣጣልም። ድምፁ ሲያቆም፣ አተላው ከታች ሲቀመጥና ቅቤው እንደ ዘይት ሲጠራ ውሃው አልቋል ማለት ነው። በደረቅ ጨርቅ ይጠለላል። ሳይነጥር ወይም ሳይጠለል የቀረ ቅቤ ጭኮውን በሳምንት ውስጥ ሊያሻግተው ይችላል። ከገበያ የሚገዛ ቅቤ ከሌላ ስብ ጋር ተደባልቆ እንዳይሆን ከሚታወቅ ሰው መግዛት ይመረጣል።

በሶው፣ ጨውና ኮረሪማው በደረቅ ገበታ ላይ ይደባለቃል። ቅቤው ለብ ብሎ፣ ሳያቃጥል፣ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ በእጅ ይታሻል። ሁሉንም አንድ ጊዜ ማፍሰስ አይገባም፤ የደቀቀ በሶ ከሻካራው የበለጠ ቅቤ ስለሚጠጣ መጠኑ ከወፍጮ ወፍጮ ይለያያል። በጭብጥ ሲያዝ የሚጣበቅ፣ ሲለቀቅ የማይፈርስ፣ በጣት መካከልም ቅቤ የማያንጠባጥብ ሲሆን በቅቷል። ከዚያ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ በ2 ሳንቲሜትር ውፍረት ይደለደልና በብርጭቆ መቀመጫ እየተጫነ ይጠቀጠቃል። ቅጥቀጣው ጠንካራ ካልሆነ ሲቆረጥ ይበተናል። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ቦታ አድሮ ጠዋት ቅቤው ሲረጋ በቢላዋ ይቆረጣል።

ከ1 ኪሎ ተኩል ጭኮ 30 ግራም የሚመዝን 50 ቁራሽ ይወጣል። በሶ በኪሎ 3500 ካሎሪ ያህል፣ ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ ደግሞ 4400 ያህል ስለሚሰጥ አንዱ ቁራሽ ወደ 160 ካሎሪ ይደርሳል። ሁለት ሰዓት በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል አዋቂ ግን አንድ ይበቃዋል።

ለቆላና ለጾም የሚሆነው

ንጥር ቅቤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን እንደ ድንጋይ የሚረጋው ጭኮ በመተማ ትሪ ላይ ለጥ ብሎ ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ፣ እንዲሁም በጾም ወራት፣ ማርና ሰሊጥ የቅቤውን ሥራ ይሠራሉ። በአንድ መስፈሪያ ብርጭቆ 3 ብርጭቆ በሶ፣ 1 ብርጭቆ ተቆልቶ የተወቀጠ ሰሊጥ ወይም ለውዝ፣ 1 ብርጭቆ ማርና 3 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይዘጋጃል። ማሩ በዝግታ እሳት ላይ አረፋ እስኪያወጣ ለ3 ወይም 4 ደቂቃ ይሞቃል፤ ይህም ከውሃው ጥቂቱን ያስወጣና ሲበርድ ይበልጥ እንዲይዝ ያደርገዋል። ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ በትኩሱ በበሶው ላይ ይፈስሳል፣ በማንኪያ ይታሻል፣ እንደ ጭኮው ይጠቀጠቃል።

ማር እርጥበት ከአየር ይስባል። በክረምት ይህ ቁራሽ ሳይሸፈን ከዋለ ይለጠልጣል፤ በደንብ በሚከደን ዕቃ ተቀምጦ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይሻላል።

ለውዝ ሲመረጥ የጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠና የሻገተ ፍሬ አንድ በአንድ ይወገዳል። እርጥበት ያገኘ ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይተዋል፤ ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በመቁላትም አይጠፋም። ርካሽ ነው ተብሎ የተሰባበረ ለውዝ መግዛት ለልጆች መክሰስ አይመከርም።

ለሕፃናት የሚደረግ ጥንቃቄ

አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም። በማር ውስጥ የሚገኝ፣ በቤት ማፍላት የማይሞት የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ ሰውነትን የሚያዝል መርዝ ሊያወጣ ይችላል። አራስ ልጅን ማር የማቅመስ ልማድ ባለበት አካባቢ ይህ ጉዳይ አያቶች ባሉበት፣ በአክብሮት፣ ደጋግሞ ሊነገር ይገባል። እናቲቱን ብቻ መምከር ብዙ ጊዜ ውጤት የለውም፤ የሚያቀምሱት እማማ ናቸውና። እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆችም ሙሉ ለውዝ ወይም ቆሎ በቁራሹ ውስጥ አይገባም፤ ትንታ ያስከትላል። ሁሉም ደቆ ይሠራል።

መክሰሱ ከታሸ በኋላ እሳት አይነካውም። ስለሆነም የሚያሸው እጅ በሳሙና ታጥቦ የደረቀ መሆን አለበት። በሶ በጥብጦ ለመስጠትም ውሃው ፈልቶ የበረደ ይሁን።

ለሽያጭ ለሚያዘጋጁ ማኅበራት

ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚከስሩት በገብሱ ሂሳብ ነው። ሽፋኑ፣ የወጣው ውሃና ስባሪው ሲቀነስ ከ1 ኩንታል ገብስ 75 ኪሎ ያህል በሶ ይገኛል። ለምሳሌ ገብሱ በኪሎ 60 ብር ተገዝቶ ከሆነ የኩንታሉ 6000 ብር ለ75 ሲካፈል የበሶው ዋጋ በኪሎ 80 ብር ነው፤ የወፍጮ፣ የማገዶና የጉልበት ገና አልተጨመረም። ቅቤው በኪሎ 800 ብር ቢሆን በ1 ኪሎ በሶ ላይ 400 ብር ይገባል። 480 ብሩ ለ50 ቁራሽ ሲካፈል የአንዱ የጥሬ ዕቃ ዋጋ 9 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል፤ ከዚህም 8 ብሩ የቅቤ ነው። እንግዲህ ሚዛን የሚያስፈልገው ገብሱ ዘንድ ሳይሆን ቅቤው ዘንድ ነው። በእጅ ግምት አንድ ጭልፋ ቅቤ ቢበልጥ የቀኑ ትርፍ አብሮ ሄደ። ለሕዝብ መሸጥ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ማነጋገርና የሚፈለገውን ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው።

በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የተሠራበት ቀን ይጻፋል። ማኅበሩ የራሱ ጭኮ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለማወቅ ከየዙሩ ሦስት ቁራሽ በሚሸጥበት ማሸጊያ ጠቅልሎ በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ያስቀራል፤ አንዱን በ2ኛው፣ አንዱን በ4ኛው፣ የመጨረሻውን በ8ኛው ሳምንት ከፍቶ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ በመዝገብ ይጽፋል። ቅቤው የከረፋበት ሳምንት ከታወቀ በጥቅሉ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻ ቀን ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይሆናል።