አዲስ የተገዛው በግ ለምን አይበላም?

በዓል ሲቃረብ ጎንደር ላይ ለእኛ ለእንስሳት ሐኪሞች የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በጉን ትናንት ገዛሁት፤ ገብስም ፍሩሽካም አቀረብኩለት፤ አልቀምስም አለ።»

አብዛኛውን ጊዜ በጉ አልታመመም። ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከጃናሞራ የመጣ የሰሜን በግ ከመንጋ ጋር ሣር እየጋጠ ያደገ ነው። በመኪና ተጭኖ፣ ውሃ ሳይጠጣ ገበያ ውሎ፣ በማያውቀው ግቢ ብቻውን ይታሰራል። ከመንጋው የተለየ በግ ይፈራል፤ የፈራ በግ ደግሞ አይበላም። መጀመሪያ ውሃ ስጡት። ከውሻና ከሕፃናት ግርግር አርቃችሁ ጥላ ውስጥ እሰሩት። ቤት ሌላ በግ ካለ፣ ሳይነካካ በዓይኑ የሚያየው ቦታ ይሁን። የመጀመሪያው ቀን መኖ ድርቆሽ ወይም ሣር ብቻ ይበቃዋል።

አጥብቄ የምለምናችሁ ስለ እህሉ ነው። «ርቦታል» ብላችሁ ገብስ፣ ዱቄት ወይም የተረፈ እንጀራ አትከምሩለት። ጨጓራው ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን እህል ለመልመድ 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋሉ። በድንገት ሲበዛ ጨጓራው በአሲድ ይሞላል፤ በጉ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ከእፍኝ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ብዙ በግ የምናጣው በክፋት ሳይሆን በዚህ ደግነት ነው።

ከአንድ ቀን በላይ ካልበላ፣ ማመስኳት ካቆመ፣ ካሳለ፣ ንፍጥ ከወረደው፣ ካስቀመጠው ወይም ትኩሳቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን ታሟል ማለት ነው። የግራ ጎኑ ከተነፋማ አንድ ሰዓትም አትጠብቁ። እባካችሁ ቤት የተረፈ የሰው መድኃኒት አትስጡት፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱት።