በክር የተጻፈው የእናት ደብዳቤ

ለዚህ ክረምት ንባብ የምንጠቁማችሁ የፍቅር ልብ ወለድ ዕድሜው ከ1,600 ዓመት በላይ ነው። ጸሐፊው ከሶርያ፣ ቋንቋው ግሪክኛ፣ ባለታሪኳ ግን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ግንቦት 1 ቀን በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የኖረ ሰው በዓሉን በደንብ ያውቀዋል። ንፍሮው ይቀቀላል፤ ጎረቤት ደጅ ላይ ይሰበሰባል፤ ልጅ ያላገኘች ትሳላለች፤ ያገኘችም ስለቷን ታስገባለች። የበዓሉ ታሪክ የሚነሳው ልጅ አጥተው ብዙ ካዘኑት ከኢያቄምና ከሐና ነውና፣ ልደታ የወላጆችም በዓል ናት። በዚህ ወር የመረጥንላችሁ መጽሐፍም መነሻው የልጅ ናፍቆት ነው። ዓለማዊ የፍቅር ታሪክ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለው ጥያቄ የእያንዳንዱ ቤት ጥያቄ ነው፤ ልጅ ማንነቱን ከማን ይሰማል?

የመጽሐፉ ስም «አይትዮፒካ» ይባላል፤ «የኢትዮጵያ ታሪክ» እንደ ማለት ነው። የጻፈው ሄልዮዶሩስ፣ ዛሬ ሖምስ ከምትባለው የሶርያ ከተማ ከኤሜሳ የተገኘ ሰው ነው። ምሁራን የተጻፈበትን ዘመን በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ያደርጉታል። 10 ክፍሎች አሉት። ከጥንት ግሪኮች ሙሉ ሆነው ከደረሱን የፍቅር ልብ ወለዶች ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው።

ከአኪሊስ ወደ ሜምኖን

የግሪክን አፈ ታሪክ እንደገና የሚተርኩ ልብ ወለዶች ባለፉት ዓመታት በወጣቶች እጅ በብዛት ታይተዋል። ከሁሉ በላይ የተወደደው የአሜሪካዊቷ ማዴሊን ሚለር «የአኪሊስ መዝሙር» ነው። ደራሲዋ 10 ዓመት ለፍታበት በ2011 ታተመ፤ በ2012 የኦሬንጅ ሽልማትን አገኘ። በትሮይ ጦርነት ጀግና በአኪሊስና በፓትሮክሉስ መካከል ስላለው ፍቅር የሚተርክ ነው፤ ተራኪውም ፓትሮክሉስ ራሱ ነው። የሁለት ወንዶች ፍቅር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ሁለቱን እንደ ፍቅረኛሞች ማየት ግን በደራሲዋ አልተጀመረም፤ በጥንቱ ዘመን አስኪለስ በቴአትሩ፣ ፕላቶንም በጽሑፉ አንስተውታል። ያነበቡት ሰዎች ደጋግመው የሚያመሰግኑት የትረካውን ርኅራኄ ነው፤ ጦረኛውን የምናየው በሚወደው ሰው ዓይን ነው።

ያንን መጽሐፍ ጨርሶ «ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ለሚል ሰው መልሱ ወደ እኛ ይመጣል። በግሪኮች ትረካ መሠረት አኪሊስ በትሮይ ከገደላቸው ጀግኖች አንዱ የኢትዮጵያው ንጉሥ ሜምኖን ነው። የ«አይትዮፒካ» ወንድ ባለታሪክ ቴአጌንስ ደግሞ ከአኪሊስ ዘር ነኝ የሚል የቴሳሊያ ወጣት ነው። የሚወዳት ልጅ ካሪክልያ የተገኘችበት ንጉሣዊ ቤት ከአያቶቹ መካከል ሜምኖንን ይቆጥራል። የገዳይ ዘርና የሟች ዘር ተዋደዱ ማለት ነው። በእኛ አገር ደም የተቃባ ቤተሰብ በጋብቻ ሲታረቅ ላየ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ማለታቸው ነበር። በልብ ወለዱ የንጉሡ ከተማ ሜሮዌ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ በሱዳን ይገኛል። አክሱሞችም በስማቸው ተጠርተው ይገባሉ፤ ግብር የማይከፍሉ የንጉሡ ወዳጆች ሆነው ቀጭኔ በስጦታ ይዘው ይመጣሉ። ቀጭኔዋን ያዩት የመሥዋዕት በሬዎችና ፈረሶች ደንብረው የሚፈጥሩት ትርምስ ከመጽሐፉ አስደሳች ገጾች አንዱ ነው።

ንግሥቲቱ የደበቀችው

የኢትዮጵያ ንጉሥ ሂዳስፐስና ንግሥት ፐርሲና በትዳር 10 ዓመት ቢቆዩም ልጅ አላገኙም። በመጨረሻ ንግሥቲቱ ፀነሰች፤ የወለደቻት ሕፃን ግን ነጭ ሆነች። ምክንያቱን ፐርሲና ታውቀዋለች፤ በፀነሰችበት ሰዓት ዓይኗ ያረፈው በመኝታ ቤቱ በተሳለችው በአንድሮሜዳ ላይ ነበር። አንድሮሜዳ በግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ለባሕር አውሬ በዓለት ላይ ታስራ ሳለ ፐርሲየስ ያዳናት። በእኛም አገር ነፍሰ ጡር ሴት የምታየውን እንድትመርጥ የሚመክሩ እናቶች አሉ። ሳይንስ አይቀበለውም፤ ታሪኩ ግን የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው።

ንግሥቲቱን ማን ያምናታል? በዝሙት እንዳትከሰስ ፈርታ ለባሏ ልጅቷ ሞተች አለችው። ሕፃኗን ከጌጣጌጥ ጋር አስቀምጣ፣ ታሪኳን በሐር መቀነት ላይ በአገሯ ፊደል በክር ጽፋ ለዕድል ተወቻት። አንድ ጠቢብ አንስቶ አሳደጋት፤ ሰባት ዓመት ሲሆናት ግብፅ ውስጥ ለአንድ ግሪካዊ ካህን በአደራ ሰጣት። ካህኑ ካሪክልስ ሴት ልጁ የሞተችበት ሰው ነው። ወደ ዴልፊ ወስዶ እንደ አብራኩ ክፋይ አሳደጋት።

ካሪክልያ ቴአጌንስን በበዓል ቀን አይታ ስትታመም፣ አሳዳጊ አባቷ የሰው ዓይን የበላት ይመስለዋል። ሐኪምም ይጠራል፤ መፍትሔም ይለመናል። በሽታው ፍቅር መሆኑን ካላሲሪስ የተባለ ግብፃዊ ካህን ያውቃል። መቀነቱን የሚያነበውም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ማምለጥ፣ የባሕር ወንበዴ፣ እስራት፣ የፋርስ መኳንንት ተንኮል ይከተላሉ። ሁለቱ ወጣቶች እስከ ጋብቻቸው ቀን ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ ተማምለዋል፤ በየደረሱበትም ወንድምና እኅት ነን እያሉ ያልፋሉ።

የሁለት አባቶች ልጅ

መጽሐፉን ለዛሬ ቤተሰብ እንድንመርጠው ያደረገን ይህ ክፍል ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ አጽድቋል። ከዚያ በፊት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። ዛሬ ብዙዎቹ አድገዋል። አንዳንዶቹ የወለደቻቸውን እናት ፍለጋ ይመጣሉ፤ የተወለዱበትን አገር ቋንቋ ግን ሳያውቁ ያደጉ ናቸው።

ካሪክልያም እንዲሁ ናት። የእናቷ ቃል ወገቧ ላይ ታስሯል፤ ፊደሉን ግን አታውቀውም። ከብዙ መከራ በኋላ የሂዳስፐስ ሠራዊት ሲማርካት፣ በፊቷ የቆመው ንጉሥ አባቷ መሆኑን እያወቀች ወዲያው አትናገርም። መቀነትና ጌጥ ሊካድ ይችላል፤ የእናት አንጀት ግን አይካድም ብላ ፐርሲና ያለችበትን ቀን ትጠብቃለች። ያ ቀን ሲመጣ እናትየው መቀነቱን ታየዋለች። የገዛ እጇ ሥራ ነው። ደስታም ፍርሃትም በአንድ ጊዜ ይይዛታል፤ ባሏ አጠገቧ ቆሟል፤ የደበቀችው ሁሉ በአደባባይ ሊነበብ ነው።

አሳዳጊው ካሪክልስም ልጄን ብሎ እስከ ሜሮዌ ይደርሳል። የወለደና ያሳደገ አባት በአንድ አደባባይ ሲገናኙ የሚሆነውን አንነግራችሁም። የሄልዮዶሩስ ትልቁ ችሎታ ግን ለአንዱ አድልቶ ሌላውን አለማቃለሉ ነው። የጉዲፈቻ ልጅ ያሳደገ፣ ወይም በችግር ልጁን ለዘመድ የሰጠ ሰው ይህን ክፍል በተለየ ልብ ያነበዋል።

ከልጆች ጋር የሚያነጋግር

መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ጥቁር እናትና ጥቁር አባት ያሏት ልዕልት ነጭ ካልሆነች ለግሪክ አንባቢ ቆንጆ አትሆንም ነበር? አንድሮሜዳስ የኢትዮጵያ ልጅ ሆና ሳለ ለምን ነጭ ተደርጋ ተሳለች? ይህን ከወጣት ልጆቻችሁ ጋር ተከራከሩበት። በሌላ በኩል ሂዳስፐስ ያሸነፈውን ጠላት የሚምር፣ ፍርድ የሚያውቅ ንጉሥ ነው፤ ካሪክልያም ማንነቷ ከሚረጋገጥባቸው ምልክቶች አንዱ በክንዷ ላይ ያለ ጥቁር ምልክት ነው።

መጽሐፉ ራሱም ከጥፋት የተረፈ ነው። የኦቶማን ጦር በ1526 ቡዳን ሲይዝ ከንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ከተዘረፉት መካከል አንዱ ቅጂ ተገኝቶ፣ በ1534 ባዝል ላይ ታተመ። ከዚያ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አውሮፓን አዳረሰ። የስፔኑ ሰርቫንቴስ ሊወዳደረው ተነሣ። ጣልያናዊው ታሶ ደግሞ በ1581 በታተመው ግጥሙ ታሪኩን ወስዶ ነጭ ሆና የተወለደች ኢትዮጵያዊት ልዕልት ፈጠረ፤ በእናትየው ክፍል የሰቀለው ሥዕል ግን የቅዱስ ጊዮርጊስን ነው።

እንዴት ይነበብ?

በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው የጆን ሞርጋን ትርጉም ምቹ ነው፤ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ የቆዩ ትርጉሞችም በነጻ ይገኛሉ። ታሪኩ የሚጀምረው ከመካከል ነው። በአባይ አፍ ላይ አስከሬን የተበተነበት የባሕር ዳር፣ የተዘረጋ ማዕድ፣ አንዲት ቆንጆና አንድ የቆሰለ ወጣት ይታያሉ፤ ምን እንደተፈጠረ የምናውቀው ቆይተን ነው። ግራ ቢገባችሁ አትተዉት። የሰዎቹን ስም በወረቀት እየጻፋችሁ ሂዱ። ግድያ፣ የሰው መሥዋዕትና የአንዲት ባለሥልጣን ሚስት ያልተገባ ምኞት ስላሉበት ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አንመክረውም።

ለትንንሾቹ ደግሞ የአንድሮሜዳን ታሪክ በቃል ንገሯቸው። ኅዳር ሲገባ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ በምሽት ወደ ሰሜን ብትመለከቱ አንድሮሜዳን፣ እናቷን ካስዮፔያንና አባቷን ኬፌውስን በከዋክብቱ መካከል ታገኛላችሁ። የልደታ መብራት ቢያስቸግራችሁ ከከተማ ወጣ ያላችሁ ቀን ሞክሩት። ሙሉ ቤተሰብ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩት።